ገንዘብና ደስታ፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በቅርቡ ስለ ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ኢስተርሊን አጭር ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ጎረፈልኝ። እዚሁ ጅማ ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር ጉዳዩ ለእኔ የእንጀራዬም የልቤም ነው።

ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ኢስተርሊን በ1974 ያወጡት ጥናት (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሁለት ነገር አሳየ። በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ወቅት፣ ገቢው የተሻለው ሰው ከድሃው ይልቅ ደስተኛ ነኝ ይላል። ከ1946 እስከ 1970 ግን የአሜሪካኖች ገቢ በእጅጉ ሲያድግ አማካይ ደስታቸው አብሮ አላደገም። ይህ የኢስተርሊን እንቆቅልሽ ተባለ። ሰውየው በ2024 መጨረሻ፣ በ98 ዓመታቸው አረፉ።

ደስታ እንዴት ይለካል?

በመጠየቅ ነው። በጣም የታወቀው መንገድ መሰላል ነው። ከታች 0፣ ከላይ 10 የተጻፈበት መሰላል ይሳልልሃል። ላይኛው የምትመኘው ኑሮ ነው፣ ታችኛው የምትፈራው። «ዛሬ የትኛው ላይ ቆመሃል?» ትባላለህ። ሌላው መንገድ ስለ ትናንት መጠየቅ ነው፦ ስቀሃል? ተጨንቀሃል? አዝነሃል? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልጆቿን ለወግ ማዕረግ ያበቃች እናት ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ ውላ፣ ኑሮዋን ግን 7 ልትሰጠው ትችላለች።

ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ። በዓመት ከ75,000 ዶላር በላይ ያገኘ ሰው ደስታው አይጨምርም የሚባለው እውነት ነው?

ወንድሜ፣ ቁጥሩ የመጣው ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 ካወጡት ጥናት ነው። እነሱም ቢሆኑ እዚያ ላይ ቆመ ያሉት የዕለት ስሜት ነው። መሰላሉ ከዚያም በላይ ይወጣ ነበር። በ2021 ማቲው ኪሊንግስዎርዝ ከ33,000 በላይ አሜሪካውያን ሠራተኞችን በስልካቸው «አሁን ምን ይሰማሃል?» እያለ ጠየቀ። የዕለቱም ስሜት ከገቢ ጋር መጨመሩን አላቆመም።

ደስ የሚለኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ ከመካሰስ ይልቅ ባርባራ ሜለርስን እንደ ሽማግሌ መሀላቸው አስቀምጠው መረጃውን አብረው መረመሩ። በ2023 ያወጡት ውጤት፦ ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ስሜትም ይሻሻላል። ከሁሉም በላይ የከፋቸው፣ ከአምስት አንድ የሚሆኑት ግን 100,000 ዶላር አካባቢ ሲደርሱ መሻሻሉ ይቆማል። የልብ ስብራትን ገንዘብ እስከ ተወሰነ ድረስ ነው የሚያስታምመው። ደግሞ ቁጥሮቹ የአሜሪካ ናቸው። ወደ ብር መንዝረህ «የኔ ጣሪያ ይህ ነው» እንዳትል።

እኛ አገር ግን ድሃው ከሀብታሙ የበለጠ ደስተኛ አይደለም? ፈገግታውን እዩት።

ይህን አባባል አልወደውም። እንግዳን በፈገግታ መቀበል ባህላችን ነው፣ የኑሮ መለኪያ አይደለም። በመሰላሉ ሲጠየቁ የድሃ አገር ሰዎች ከሀብታም አገር ሰዎች በብዙ ዝቅ ይላሉ። በ2008 ቤትሲ ስቲቨንሰንና ጀስቲን ዎልፈርስ የብዙ አገር መረጃ ሰብስበው ይህን አሳይተዋል፣ ኢስተርሊንንም የሞገቱት በዚሁ ነው። ኬንያ ውስጥ ለድሃ ቤተሰቦች ያለ ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲጠና (ሃውስሆፈርና ሻፒሮ፣ 2016) የተቀባዮቹ ደስታና የኑሮ እርካታ ጨምሮ ተገኘ።

ተመራማሪዎቹ ገቢን የሚያዩት በእጥፍ ነው። ከ5,000 ወደ 10,000 ብር ያደገና ከ50,000 ወደ 100,000 ያደገ ሰው መሰላሉ ላይ የሚወጡት ወደ እኩል ገደማ ነው። ስለዚህ አንዷ ብር ከሁሉ በላይ የምትሠራው ድሃው ቤት ነው። «ድሃ ደስተኛ ነው» የሚለው ወሬ ይህን ይሸፍናል፣ ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።

ከሰቃ ነኝ፣ ተማሪ። አባቴ ቡና ገበሬ ነው። በክረምት ሌላ ሰው ይሆናል፣ ይቆጣል፣ ይረሳል። ለምን?

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሕንድ ውስጥ፣ ታሚል ናዱ፣ ሸንኮራ አገዳ አምራቾች ላይ የተሠራና በ2013 የወጣ ጥናት አለ። አገዳም እንደ ቡና ነው፣ ገንዘቡ በዓመት አንዴ ይመጣል። ያንኑ ገበሬ ከምርት በፊትና በኋላ የማሰብ ፈተና ሰጡት። ከምርት በፊት፣ ኪሱ ባዶ ሳለ፣ ውጤቱ ዝቅ አለ። ሰውየው ያው ነው። ሐሳቡን የያዘበት እዳው ነው።

አሁን የአባትህን ዓመት ተመልከት። እሸት ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ከዓምና የቀረ ጀንፈል (ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና) ካለ ሰኔ ላይ አልቋል። ሐምሌና ነሐሴ በዱቤ ይታለፋሉ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፣ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ። ያኔ ነው አንዳንዱ ያልተለቀመ ቡናውን በቅናሽ የሚሸጠው። አባትህ ጠባዩ አልተበላሸም። ሥራ ይዘህ ደመወዝ ስትከፈል ነሐሴ ላይ ላክለት፣ በጥር ከሚላክለት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ጎረቤቴ ፎቅ ሲሠራ ከፋኝ። ቅናት ነው?

እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ኤርዞ ሉትመር በ2005 አሜሪካ ውስጥ የጎረቤት ገቢ ሲበልጥ የራስ ደስታ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማላዊ ላይ ግን ራቫሊዮንና ሎክሺን አብዛኛው ድሃ በዚህ እንደማይጎዳ አገኙ። በእኔ ግምት፣ በችግር ጊዜ ሀብታም ጎረቤት መጠጊያ ነው። ይበደሩታል፣ በእድሩ አብሮ ይቆማል። የራስ ጓዳ ሲሞላ ነው ዓይን ወደ ሰው ቤት የሚሄደው።

መምህር ነኝ። ደመወዝ ተጨመረልኝ፣ ደስታው ግን ወዲያው ጠፋ።

ሰው ይለምዳል፣ ይህ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ገበያውን ይመልከቱ። ጤፍና ዘይት ከደመወዝዎ እኩል ከጨመሩ ምንም አልተጨመረልዎትም። የኢስተርሊን እንቆቅልሽ የዋጋ ንረት ተቀንሶ ስለሚቀረው ገቢ ነው።

ታዲያ መንግሥት ዕድገትን ይተወው?

ኢስተርሊን እንዲህ አላሉም። ከ1990 እስከ 2010 ቻይናን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተዋል። የነፍስ ወከፍ ምርት ቢያንስ አራት እጥፍ ሲያድግ እርካታው በመጀመሪያ ወርዶ በኋላ በከፊል ተመለሰ። ምክንያት ያደረጉት ሥራ አጥነትንና የማኅበራዊ ዋስትና መፍረስን ነው። ሥራ ያጣ ሰው መንፈሱ ክፉኛ እንደሚጎዳ ክላርክና ኦስዋልድም በ1994 አሳይተዋል። ተመርቃችሁ ቤት ለተቀመጣችሁ፣ ሕመማችሁ ስንፍና አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ብሠራ ምን ልጠይቅ?

ያንኑ ገበሬ ሁለቴ ጠይቂ፣ አንዴ ነሐሴ፣ አንዴ ጥር። ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጂ፣ መሰላሉንም ወረቀት ላይ ሳይው። ገቢውን ብቻ አትመዝግቢ፣ እዳውንም ከማን እንደተበደረ ጭምር። ሚስቱን ለብቻ አነጋግሪ፣ እሱ 6 ያለውን ኑሮ እሷ 3 ልትለው ትችላለች።