ከጣና ዓሣ ወደ ሜይን ሎብስተር፦ ዲግሪዬ ይሠራልኛል?

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብት ዲግሪ አለኝ። በዲቪ መጥቼ ፖርትላንድ፣ ሜይን ከገባሁ ዓመት ሆነኝ፤ አሁን መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። እዚህ አገር ወሬው ሁሉ ሎብስተር ነው፤ ጠንካራ ቅርፊትና ትልልቅ ጥፍር ያለው የባሕር እንስሳ። ጣና ላይ የተማርኩት ይጠቅመኛል? ወይስ ማስተርስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ማስተርሱን ለጊዜው አቆዪው። መጀመሪያ አንድ የሥራ ወቅት ጀልባ ላይ አሳልፊ። የባሕር ናሙና ሰብሳቢነት ለአንቺ ትክክለኛው በር ይመስለኛል። የሜይን ግዛት የባሕር ሀብት መምሪያ ከ1985 ጀምሮ ባለሙያዎቹን በአጥማጆች ጀልባ እየላከ ከወጥመድ የሚወጣውን ሎብስተር፣ የሚሸጠውንም ወደ ባሕር የሚመለሰውንም፣ ያስመዘግባል። ሥራው በብዛት ከሜይ እስከ ኖቬምበር ስለሆነ ማስታወቂያዎችን ከጃንዋሪ ጀምረሽ ተከታተይ።

የሥራው ልብ ልኬት ነው። የካሊፐሩን (ባለ ሁለት መንጋጋ መለኪያ) አንድ ጫፍ ከዓይን ጎድጓዳው የኋላ ጠርዝ፣ ሌላውን ከጀርባ ቅርፊቱ የኋላ ጠርዝ ታሳርፊያለሽ፤ ካሊፐሩ ከጀርባው መሐል መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ሰያፍ ከያዝሽው ቁጥሩ ይረዝማል። በዓይኖቹ መሐል የሾለውን ቀንድ አብረሽ ከለካሽ ደግሞ መዝገቡ አይረባም። ሜይን ውስጥ የሚፈቀደው ከ3¼ ኢንች (82.6 ሚሊሜትር) እስከ 5 ኢንች (127 ሚሊሜትር) ነው። ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም ይመለሳል።

አንድ ሚሊሜትር ምን ያመጣል እንዳትዪ። ወደ መያዣ መጠን እየደረሱ ያሉት ታዳጊዎች ከ2016–2018 አማካይ በ35 በመቶ ከቀነሱ ዝቅተኛው ልክ ወደ 3 5/16 ኢንች እንዲያድግ የአትላንቲክ ጠረፍ ግዛቶች የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ወስኖ ነበር። ቅነሳው ከዚያ አለፈ፤ አጥማጁ ግን ተቃወመ፤ ለውጡም ሥራ ላይ ሳይውል በ2025 ተሰረዘ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ 1.6 ሚሊሜትር ላይ ነው። በድካም ሁለት ሚሊሜትር የሚስት እጅ እዚህ ቦታ የለውም።

ከርዝመቱ ቀጥሎ ጾታ፣ እንቁላል መያዝ አለመያዟ፣ የቅርፊት ጥንካሬና በሽታ፣ የጎደለ ጥፍር፣ የቪ ምልክት ይመዘገባል። አጥማጁ እንቁላል ያዘለች ሴት ሲያገኝ ከጭራዋ መሐለኛ ክንፍ በስተቀኝ ባለው ላይ በቪ ቅርጽ ቆርጦ ይመልሳታል፤ በኋላ እንቁላል ባይኖራትም ምልክቱ እስካለ ድረስ ማንም አይሸጣትም። ይህን ስታነቢ ወደ ጣና የሚገቡት የጉማራና የርብ ወንዞች ትዝ ይሉሽ ይሆናል። ክረምት ላይ እንቁላል ልትጥል ወደ ወንዝ የምትወጣውን ወላድ ዓሣ መረብ ወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃት ቦታ ያጠና ሰው፣ ወላድን መጠበቅ ለምን የአስተዳደሩ ምሰሶ እንደሆነ ማስረዳት አያቅተውም። በማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ ይህን ንጽጽር በሁለት መስመር ጻፊው። «ለባሕር ፍቅር አለኝ» የሚለውን ግን ሰርዢ።

የሚጎድልሽ ሌላ ነው። የዓሣን ዕድሜ በጆሮ ድንጋይ ወይም በቅርፊት ቀለበት መቁጠር ተምረሻል፤ ሎብስተር ግን ቅርፊቱን እያወለቀ ስለሚያድግ ያ መንገድ አይሠራም። ስለዚህ የክምችት ግምገማው፣ ማለትም ባሕሩ ውስጥ ምን ያህል ሎብስተር እንዳለ መገመቱ፣ የሚቆመው በርዝመት ላይ ነው። አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ዘንድሮውኑ ጀምሪ፤ በርዝመት መረጃ ላይ የተመሠረቱ ሞዴሎችን በቀረሶ ወይም በአምባዛ መረጃሽ ተለማመጂ። በቃለ መጠይቅ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እዚሁ አካባቢ ነው፦ «በወጥመድ የሚያዘው ከቀነሰ ክምችቱ ቀንሷል» ይላል። የውኃው ሙቀት፣ ቅርፊት የሚያወልቅበት ወቅት፣ ወጥመዱ ስንት ቀን እንዳደረና ምን ዓይነት ማጥመጃ ምግብ እንደተደረገበት ቁጥሩን ያዛባዋል። በዚያ ላይ የንግድ ወጥመድ ትናንሾቹ የሚያመልጡበት ቀዳዳ አለው፤ ባዶ ሆኖ ቢወጣ ታዳጊ የለም ማለት አይደለም። ከ2006 ጀምሮ ቀዳዳ በሌለው ወጥመድ የተለየ ጥናት የሚደረገው ለዚህ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የፌዴራል ሥራዎች በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃሉ፤ በግሪን ካርድ የግዛቱን መምሪያ፣ ዩኒቨርሲቲዎችንና እዚያው ፖርትላንድ ያለውን የሜይን ባሕረ ሰላጤ ምርምር ተቋም ሞክሪ። ዲግሪሽን አሁኑኑ አስገምግሚ። ለፌዴራል የዓሣ ባዮሎጂስትነት ከ30 የባዮሎጂ ክሬዲት ውስጥ ቢያንስ 6 የውኃ፣ 12 የእንስሳት ሳይንስ ይፈለጋል፤ ዜግነት እስክታገኚ የጎደለሽን ለይተሽ ማሟላት ትችያለሽ። የኮርስ ዝርዝር ከባሕር ዳር ማስላክ ጊዜ ይወስዳል፤ ዘመድ በአካል ቢሄድልሽ ይፈጥናል።

መንጃ ፈቃድ ከሌለሽ ከሁሉ በፊት አውጪ፤ ጀልባዎቹ ገና ሳይነጋ ከየመንደሩ ወደብ ይነሳሉ፣ አውቶቡስ አያደርስሽም። የማቅለሽለሽ መከላከያ ከመሳፈርሽ በፊት ይዋጣል፤ ሆድ መገልበጥ ከጀመረ በኋላ ብዙ አይረዳም። ጾመኛ ከሆንሽ በባዶ ሆድ ማዕበል ላይ መዋል ከባድ ነውና ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪበት። ሎብስተሩን መብላት ግን የሥራው ግዴታ አይደለም፤ በሥርዓታችን የማይበላ መሆኑ አያስጨንቅሽ።

አንድ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ አሁኑኑ ተዘጋጂበት፦ «ከልክ በታች የሆነ ሎብስተር አጥማጁ ሳጥኑ ውስጥ ሲከት ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ?» ሕግ ማስከበር የባሕር ጠባቂ ፖሊስ ድርሻ ነው። ያንቺ ሥራ ያየሽውን ቁጥር እንዳለ መጻፍ ነው፤ ሳታስተካክዪ፣ ወደብ ላይም ሳታወሪ። ያን ጀልባ ነገ እንደገና ትፈልጊዋለሽ።