ልጄ ክሬዲት ካርድ ላውጣ አለኝ፤ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 18 ዓመት ሞላውና ዘንድሮ ኮሌጅ ገባ። ቅዳሜና እሁድ ካፌ ይሠራል። ሰሞኑን የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ በፖስታ በላይ በላዩ እየመጣለት "ላውጣ" ብሎ ይዞኛል። አባቱ እዚህ አገር 20 ዓመት ሲኖር አንዲት ካርድ አውጥቶ አያውቅም፤ "ዕዳ ከሜዳ አታምጡብኝ" ይላል። እህቴ ደግሞ "ያንቺ ካርድ ላይ ስሙን አስገቢውና ተገላገይ" ትለኛለች። እኔ አንድ ካርድ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በየወሩ ሙሉውን አልከፍልም፤ ትንሽ ማስቀረት ለክሬዲት ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ አይቀየሙኝና ከልጁ ካርድ በፊት ከእርስዎ ካርድ ልጀምር። "ትንሽ ዕዳ ማስቀረት ክሬዲት ይገነባል" የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሣ እንጃ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ ግን እሰማዋለሁ። ሐሰት ነው። ስኮሩ (አበዳሪዎች ከፋይነትዎን የሚለኩበት ቁጥር) ወለድ ከፈሉ አልከፈሉ ግድ የለውም። ካርዱን ተጠቅመው ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ከከፈሉ ተመዝግቦልዎታል፣ በቃ። ማስቀረት የሚያመጣልዎ ወለድ ብቻ ነው፤ ያውም በቀረው ላይ ብቻ አይምሰልዎ፣ ሙሉውን ሳይከፍሉ ካለፉ ከዚያ በኋላ የሚገዙት አዲስ ነገርም ብዙውን ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። ከዚህ ወር ጀምሮ ይተዉት።

ባለቤትዎ ዕዳ መፍራታቸው ደግ ነው፣ ግን እዚህ አገር ዕዳ የሌለበት ሰውና የማይታወቅ ሰው አንድ አይደሉም። ዕቁብ ጥለው ካወቁ ነገሩ ይገባቸዋል። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ማን በቀኑ እንደሚጥል፣ ማን እየተለመነ እንደሚያመጣ ያውቃሉ፤ አዲስ ገቢ ሲመጣ ደግሞ "ዋስ ጥራ" ይባላል። አሜሪካ ውስጥ መዝገቡን የሚይዙት ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። አባት ለ20 ዓመት አንድም ሳምንት ሳያጓድሉ ዕቁብ ቢጥሉ እነዚህ ሰዎች ወሬው አይደርሳቸውም። (ያሳዝናል፤ ከዕቁብተኛ የተሻለ ከፋይ የት ይገኛል?) ልጁ ነገ አፓርትመንት ሲከራይ ወይም መኪና በብድር ሲገዛ የሚጠየቀው ይኸው መዝገብ ነው።

ስለዚህ ካርዱ ለዕቃ መግዣ ሳይሆን በቀኑ ከፋይ ተብሎ ስም ለማውጣት ነው። ይህንን ለልጁ ይንገሩት። ብዙ አበዳሪዎች የሚያዩት ፋይኮ የሚባለው ስኮር ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ 35 በመቶው በቀኑ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ደግሞ በዋናነት ከተፈቀደው ገንዘብ ምን ያህሉ ተበልቷል ከሚለው ነው የሚመጣው። ሁለቱም በልጁ እጅ ናቸው።

አሁን የትኛውን ካርድ ያውጣ? በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ካርድ የሚሰጠው መክፈል የሚችልበት የራሱ ገቢ ካለው ወይም ዕድሜው የደረሰ ሰው አብሮት ከፈረመ ነው ይላል። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው እንግዲህ የካፌዋ ደመወዝ ናት፣ የእናንተ ገቢ አይደለም። "የአባቴን ልጻፍ" እንዳይል። ለተማሪ ተብለው የተዘጋጁ ካርዶች ስላሉ መጀመሪያ እነሱን ይሞክር። ካልሰጡት ሴክዩርድ ካርድ አለ፦ ለምሳሌ 200 ዶላር ያስይዛል፣ ባንኩም በዚያው ልክ ካርድ ይሰጠዋል። በደንብ ከከፈለ ማስያዣው ይመለስለታል። ለሦስቱም መዝጋቢዎች ሪፖርት እንደሚያደርጉ አስቀድሞ ይጠይቅ። ካላደረጉ ምን ይሠራለታል? ዓመታዊ ክፍያ ያለውን ካርድ ደግሞ ገና ለገና ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ነጥብ ይሰጣል ተብሎ አይውሰድ። ለ18 ዓመት ልጅ የአውሮፕላን ነጥብ ምኑ ነው?

የእህትዎ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። በእርስዎ ካርድ ላይ ስሙ ሲገባ የእርስዎ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በእሱም መዝገብ ላይ ይታያል። ነገር ግን ጥሩውም መጥፎውም ነው የሚታየው። ዕዳውን የሚጠየቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እሱ ቢያጠፋም። አሁን ካርድዎ ላይ ዕዳ እያለ እኔ ብሆን አላስገባውም። እሱን ጠርገው፣ ሁለት ሦስት ወር ሙሉውን ከፍለው ከዚያ ያስቡበት።

አያያዙን በተመለከተ፦ አንድ ነገር ብቻ ካርዱ ላይ ያድርግ፣ የስልክ ሂሳብ ይበቃል። ከዚያ ኦቶፔይ (ሂሳቡ በየወሩ ከባንክ በራሱ የሚከፈልበትን) ያብራ። እዚህ ጋ ይጠንቀቅ፤ ኦቶፔይ ሲሞላ "ሚኒመም" (ትንሹ ክፍያ) የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ሳይሆን የስቴትመንቱን፣ ማለትም በየወሩ የሚመጣውን ደረሰኝ፣ ሙሉ ሂሳብ ይምረጥ። የባንክ ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን ደግሞ ማየት የእሱ ፋንታ ነው። ሊሚቱ (የተፈቀደለት ገንዘብ) 500 ዶላር ከሆነ ከ150 ባያልፍ ይመረጣል። መጽሐፍ ለመግዛት 400 ቢያወጣም ዓለም አትጠፋም፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት አብዛኛውን ይክፈል። የመክፈያ ቀን ቢያልፍበት ቅጣቱ ወዲያው ይመጣል፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን 30 ቀን ሲያልፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሳምንት ቢረሳ ደንግጦ ተስፋ ከመቁረጥ ዛሬውኑ ይክፈል። አንዴ ከተጻፈ 7 ዓመት ይቆያል።

አንድ የራሴን ላጫውትዎ። የመጀመሪያ ካርዴን ባወጣሁ ሰሞን ፋሲካ ደርሶ ኪሴ ባዶ ነበር፣ እናቴ በግ ሳታርድ ልትውል ነው ብዬ በካርዱ ገንዘብ ላክሁ። ባንኩ እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ እንዳወጣሁ ቆጠረው። በላዩ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ፋታ የለም። በጉ ተበልቶ አልቆ እኔ እስከ ክረምት ስከፍል ነበር። ልጅዎን ገንዘብ መላክም ኤቲኤም ማውጣትም በዴቢት ካርድ ብቻ ነው ይበሉት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ካርዴ ላይ 1,000 ዶላር አለብኝ፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው። በየወሩ 35 ዶላር እከፍላለሁ፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩም፣ ግን ዕዳው አይነቃነቅም። ካርዱን ልዝጋው?

መልስ፦ እህቴ፣ የማይነቃነቀው ከ35 ዶላሩ መጀመሪያ ላይ 20ው ለወለድ ስለሚሄድ ነው። በዚሁ ከቀጠልሽ ሌላ ምንም ሳትገዢ እንኳ 43 ወር ገደማ ይፈጅብሻል፣ ወለዱም 500 ዶላር ይጠጋል። ወደ 100 ብታሳድጊው አንድ ዓመት ሳይሞላ ትጨርሻለሽ፣ ወለዱም ከ130 ዶላር አይበልጥም። ስቴትመንትሽ ላይ ይህንን የሚያሳይ ሣጥን አለ፣ የ2009ኙ ሕግ ነው ያስገባው። አብዛኛው ሰው ዘሎት ያልፋል።

አትዝጊው። ስትዘጊው የተፈቀደልሽ ጠቅላላ ገንዘብ ስለሚቀንስ ስኮርሽ ሊወርድ ይችላል። ዓመታዊ ክፍያ ካለው ብቻ ደውለሽ ወደ ነፃው ቀይሩልኝ በይ። ካርዱን ግን ከቦርሳሽ አውጪው፣ ምግብ ከምታዝዢባቸው አፖችም ላይ ሰርዢው፤ እዛ ተቀምጦ እያለ "አልጠቀምም" ማለት ዘበት ነው። ከዚያ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ "በቀኑ እየከፈልኩ ነው፣ ወለዱን ቀንሱልኝ" በያቸው። እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ከወራት በኋላ ደግመሽ ደውይ።