ማታ ማታ የሚቆራረጠው ኢንተርኔት

ጥያቄ፦ ቤታችን ያለው በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ነው። ቀን ደህና ይሠራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ግን የሞደሙ ዲኤስኤል መብራት ብልጭ ድርግም ይልና ይቆረጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ብሶበታል። ሞደም ቀይሩ ተብለን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ልጄ የምትማረው ማታ በኢንተርኔት ስለሆነ ተቸግረናል። ምን ይሻላል? (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ ሌላ ሞደም እንዳይገዙ። ያ መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው ሞደሙ በመስመሩ ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር እንደ አዲስ ለመገናኘት ሲሞክር ነው። እኛ መስመር ላይ የሠራን ሰዎች ሲንክ ጠፋ እንላለን። መብራቱ ረግቶ በርቶ ኢንተርኔት ቢጠፋ ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። የእርስዎ ግን መስመሩ ነው።

መጀመሪያ ጆሮዎን ይመኑ። ሽቦ ያለውን የቤት ስልክ አንስተው አንድ ቁጥር ይጫኑ። ድምፁ ጸጥ ሲል ያዳምጡ። ዝናቡ እንዳባራ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፤ ነጎድጓድ እያለ ግን ስልኩን አይንኩ። ጭርጭር የሚል ነገር ከሰሙ አንድ መጋጠሚያ ውሃ ሳይገባበት አይቀርም። ምሰሶ ላይ ያለችውን ሳጥን ስንከፍት ብዙ ጊዜ የምናገኘው አረንጓዴ የሆነ መዳብ ነው።

ይህ ከማታው ችግር ጋርም ይያያዛል። የስልክ መስመሩ ሁለት ሽቦዎች አብረው የተጠመዘዙት ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል እንዲነካና እንዲጣፋ ነው። አንደኛው መጋጠሚያው ላይ ከተበላሸ እኩልነቱ ይፈርሳል፤ ረብሻው ሰተት ብሎ ይገባል። ማታ ደግሞ ረብሻው ይበዛል። አምፖሉ፣ ቻርጀሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሚበራው ያኔ ነው። የሩቅ አገር የሚዲየም ዌቭ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ከጨለመ በኋላ ርቀው ይሰማሉ።

ከቤት ውስጥ የሚነሳ ረብሻ መኖሩን ለማወቅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ይበቃል። ሚዲየም ዌቭ ላይ፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ያድርጉት። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው በስልክ መስመር የሚመጣ የኢንተርኔት ዓይነት እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል፤ ሚዲየም ዌቭ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው የሚሰማውን ሞደሙም ይሰማዋል። ከክፍል ክፍል ይዘውት ይዙሩ። እዝዝታው የሚጎላበትን ዕቃ ነቅለው ይሞክሩ። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ርካሽ ቻርጀርና ኤልኢዲ አምፖል ነው። ቆጣሪው ጠፍቶም እዝዝታው ካልቆመ ከጎረቤት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሞደሙን ገጽ ይክፈቱ። ብዙውን ጊዜ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለው ሲጽፉ ይገኛል፤ ልጅዎ ታግዝዎታለች። ኖይዝ ማርጂን የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም መስመሩ ረብሻን ለመቋቋም የቀረውን አቅም፣ ቀትር ላይና ማታ ይጻፉ። ከ6 ዲቢ (ዴሲቤል) በታች ሲወርድ መስመሩ አደጋ ላይ ነው። አቴኑዌሽን የሚለው፣ ማለትም ሲግናሉ መንገድ ላይ የሚደክምበት መጠን፣ ግን በዋናነት በመስመሩ ርዝመት ስለሚወሰን ብዙም መለዋወጥ የለበትም። ዝናብ በዘነበ ቀን ዘሎ ካገኙት ሽቦው ራሱ ተጎድቷል። የቤት ስልኩ በስፕሊተር (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሲግናል በምትለየው ትንሽ ሳጥን) በኩል መግባቱንም ይዩ።

ለጥገና ሲደውሉ ኢንተርኔት ዘገየ ብቻ አይበሉ። ስልኩ ላይ ጭርጭርታ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ይናገሩ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ያንብቡ። ባለሙያው ሲመጣ ሞደሙን አይቶ ብቻ እንዳይመለስ፤ እስከ ምሰሶው ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ እንዲፈትሽ ይጠይቁት። መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ የስልኩ ሽቦ ሳሎን ይገባል። ሞደሙ መኝታ ቤት እንዲሆን በጠፍጣፋ የስልክ ገመድ አስረዘምኩት። ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል። ጠፍጣፋው ገመድ ያልተጠመዘዘ ስለሆነ ረብሻ ይለቅማል። ሞደሙን ሽቦው የሚገባበት ቦታ ይመልሱት፤ ወደ መኝታ ቤቱ የኔትወርክ ኬብል ይዘርጉ። እሱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለበትም።