ወለም ላለው የወንድምሽ እግር፦ መጀመሪያ ጣትሽን፣ ከዚያ ራጁን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ የ22 ዓመት ወንድምሽ ትናንት ማታ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ቁርጭምጭሚቱ በውጭ በኩል አብጦ በልዟል። እናትሽ ወጌሻ ይምጣ ይላሉ፣ አንቺ ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ ትጠይቂያለሽ።

እብጠቱን ለጊዜው ተዪው። እንቁላል የሚያህል ያበጠ ተራ ወለምታ አለ፣ እምብዛም ያላበጠ ስብራትም አለ። በውጭ በኩል ጎላ ብሎ የሚታየውን አጥንት ከጫፉ ጀምረሽ፣ በስተኋላ ባለው ጠርዙ በኩል ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በአውራ ጣትሽ ጫን ጫን እያልሽ ሂጂ። ከአጥንቱ ፊት ያለውን ለስላሳ ቦታ አይደለም፤ እሱማ በማንኛውም ወለምታ ያማል። በውስጥ በኩል ያለውንም አጥንት እንደዚያው። ቀጥሎ ወደ እግሩ ውረጂ፦ በትንሿ ጣት በኩል፣ የእግሩ ጠርዝ መሃል ላይ አንዲት ጉብታ አለች፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ወደ ፊት ሌላ ጉብታ አለች። ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ አጥንቱ ሲነካ ካመመው፣ ወይም ትናንትም አሁንም እያነከሰም ቢሆን 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ራጅ ይነሳ። አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ስለሆነ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ይህ በካናዳ ኦታዋ የተዘጋጀና ዛሬ በድንገተኛ ክፍሎች የሚሠራበት መመዘኛ ነው። ስኳር ኖሮበት እግሩ ለደነዘዘ ወይም ለሰከረ ሰው ግን አይሆንም፤ ሕመሙን በትክክል አይነግርሽም።

አሁን ወደ ወጌሻው። በወለምታ ከቦታው የወጣ አጥንት የለም። የተጎዳው በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው፤ ተለጥጧል ወይም ተበጥሷል። ስለዚህ «የሚመለስ» ነገር የለም፤ ሲታሽ ቀጭ የሚለውም የመገጣጠሚያ ድምፅ እንጂ አጥንት ሲገባ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ማሸት ውስጡን እንደገና ያደማዋል፣ ስብራት ካለ ደግሞ የተስተካከለውን ያዛንፈዋል። የሞቀ ውሃና ቅባትም ለእነዚህ ቀናት ይቅር።

እኔን ከማሸቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰሩ ነው። እግሩ እስከ 2 ቀን ማበጡን ይቀጥላል፣ እስሩ ግን አይሰፋም። ደም መዘዋወር ያቆምና ሥጋው ውስጥ ውስጡን ይሞታል። በአገራችን የአጥንት ሐኪሞች እንዲህ ካለ እስር በኋላ ለጋንግሪን ደርሶ የሚቆረጥ እግር ያያሉ። ምልክቱ፦ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም፣ ጣቶቹን ቀና ስታደርጊለት ማስጮኽ፣ መደንዘዝ፣ መገርጣት፣ መቀዝቀዝ። እንዲህ ካየሽ ያሰረውን ሰው ሳትጠብቂ ፍቺው፣ እግሩን ከፍ ሳታደርጊ በልቡ ትክክል አድርገሽ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው። ደም ሳያገኝ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ የሞተው ጡንቻ አይመለስም።

ስብራት ከሌለ የቤቱ ሥራ ቀላል ነው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ፣ በየ 2 እና 3 ሰዓቱ፤ በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ። (እናትሽ ሥራ ፈትተው እንዳይበሳጩ ይህን ለእሳቸው ስጪ።) የሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ፣ በግማሽ ሳብ አድርጎ ይታሰር። ጥፍሩን ተጭነሽ ስትለቂው በ2 ሴኮንድ ውስጥ ቀይ ካልሆነ ጠብቋል። ሲተኛ እግሩ ከልቡ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይሁን። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ 6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ፣ የጉበት ችግር ካለበት ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። ኢቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያመው አይሰጥም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ዳነ ይባልና ልጁ ሜዳ ይገባል፣ በወሩ ያው እግር እንደገና ይታጠፋል። ጅማቱ እግሩ የት እንዳለ ለአንጎል የሚናገር ስሜትም ስላለው፣ እሱ እስኪመለስ መለማመድ አለበት። ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ተቀምጦ በተጎዳው እግሩ አውራ ጣት አየር ላይ ሀ ሁ ሂ ይጻፍ፤ ቀላል ይመስላል፣ «ቆ» ላይ ሲደርስ ግን ያላበዋል። ቆሞ መጫን ሲችል ግድግዳ ይዞ ተረከዙን 10 ጊዜ ያንሳ፣ 3 ዙር። ከዚያ በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሴኮንድ መቆም፣ ሲለምደው ዓይኑን ጨፍኖ። በዚያው እግር 10 ጊዜ ያለ ሕመም ሳይዘል ኳስ የለም።

ጊዜውን ጠይቀሻል፦ የተለጠጠ ብቻ ከሆነ 1 እስከ 2 ሳምንት፣ በከፊል ከተበጠሰ 3 እስከ 6 ሳምንት፣ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ እስከ 3 ወር። በሳምንቱ እግሩን መጫን ካልጀመረ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሁለቱን የእግር አጥንቶች ጨመቅ ስታደርጊ ታች ካመመው፣ ራጅ ደህና ነው ቢባልም የአጥንት ሐኪም ይየው፤ ሲጨመቅ የሚያመው ሁለቱን አጥንቶች የሚያያይዘው የላይኛው ጅማት ሲጎዳ ነው፣ ሕክምናውም ይለያል።