ከቁራኛ እስከ ዱቤ ደብተር፦ ለወጣት የንግድ ሕግ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በጥብቅና ሥራ ላይ ዕድሜዬን ከፈጀሁ በኋላ የንግድ ሕግ ለእኔ ከሁሉ በፊት የዕዳ ታሪክ ሆኖ ይታየኛል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል የምናነሳው ቃል በአያቶቻችን ዘመን ሕያው ሥርዓት ነበር፤ ባለዕዳና ባለገንዘብ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ጉዳዩ እስኪያልቅ አብረው ይውሉ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ የጀመረውና እርሱ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሰንሰለቱን በወረቀት፣ ማለትም በሒሳብ መዝገብ፣ በማኅበርና በቼክ ተካው። መንግሥት የግል ድርጅቶችን ከወረሰበት ከ1967 በኋላ ሕጉ ሳይሻር አብዛኛው ክፍሉ ሥራ ፈትቶ ከረመ፤ ከ1983 ወዲህ ደግሞ ገበያው እንደገና ሲከፈት አቧራው ተራግፎ ወጣ።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ የመርካቶ ጨርቅ አከፋፋይ አንድ ፌስታል ቼክ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ። አንዳንዱ ቀኑ ገና ያልደረሰ፣ አንዳንዱም ፊርማ ብቻ ያለበት ነበር። ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ እንጂ የዱቤ መያዣ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ስሞክር በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ጨርቁን የሰጠሁት ሰውየውን አምኜ ነው፤ ቼኩ እንዳይረሳኝ ያህል ነው» አሉኝ። እኔ ግን ያነበብኩትን ይዤ ሰውየው በቂ ስንቅ፣ ማለትም በባንክ በቂ ገንዘብ፣ የሌለው ቼክ አውጥቷል ብዬ ለመክሰስ ተጣደፍሁ። ባለዕዳው ታሰረ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ሌሎች አበዳሪዎቹም ያለውን ተሻሙበት፤ ደንበኛዬ ከዕዳቸው አንድም ብር አላገኙም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከአንቀጹ በፊት ገበያውን መጠየቅ ነበረብኝ።

አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ እንዲህ ያለውን ሰው በተሻለ ዓይን ያየዋል፤ የተቸገረ ነጋዴ ሳይከስር በፊት ዕዳውን ከባለገንዘቦቹ ጋር እንደገና እንዲያዋቅር በር ከፍቷል። የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ፈቅዷል። ቀደም ሲል ሁለተኛ አባል ለማሟላት ብቻ የሚስትን ወይም የወንድምን ስም ማስገባት የተለመደ ነበር፤ ጋብቻው ሲፈርስ ለእኛ ለጠበቆች እንጀራ የሆነውም እሱ ነው። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፣ አዲሱ ሕግ የቀድሞውን ሕግ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ እንዲሁም እንደ ቼክ ያሉ የተላላፊ ሰነዶችና የባንክ መጻሕፍት፣ ማለትም ክፍሎች፣ አልነካም፤ ስለዚህ ያ ፌስታል ዛሬ ቢመጣ በውስጡ ያሉት ቼኮች የሚዳኙት አሁንም በ1952ቱ ሕግ ነው።

ወደፊት ሕጉን የሚቀርጸው፣ እንደኔ ግምት፣ የማስያዣ ጥያቄ ነው። ቤትና መሬት የሌለው ነጋዴ ለረጅም ጊዜ የባንክ ደጅ ሲጠና ኖሯል፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ከሌሎች የሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር፣ ተመዝግቦ መያዣ ሊሆን ይችላል። በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል፤ የ2017ቱ የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮችን በር ከፍቷል። በስልክ በደቂቃ የሚለቀቀው ብድር ግን ያሳስበኛል፤ ተበዳሪው ለምን እንደተከለከለ ወይም ለምን ያን ያህል እንደተፈቀደለት የሚያስረዳው ሰው የለም፣ ስልኩ ራሱ ቁራኛ እንዳይሆንበት እፈራለሁ።

የዚያ አከፋፋይ ልጅ በቅርቡ የአባቱን የዱቤ ደብተር ይዞ መጥቶ ነበር። በደብተሩ «የቡታጅራው 40,000» እና «ረጅሙ 15,000» የሚሉ መስመሮች ሠፍረዋል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት እነዚህ የሚሰበሰቡ ገንዘቦች መያዣ መሆን የሚችሉ ናቸው፤ ባንኩ ደግሞ ረጅሙ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። አሁን እያንዳንዱን ስም እያጠራንና ተበዳሪዎቹን እያስፈረምን ነው፤ እስካሁን አሥራ አንዱ ፈርመዋል።