«የነገሥታቱ መቃብር» የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ

ጤና ይስጥልኝ። በዐቢይ ጾም አባትዎን ይዘው ወደ ጎንደር እንደሚመጡ ገልጸው፣ መኪናና አስጎብኚ ለብቻዎ ተከራይተው የነገሥታቱን መቃብር፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና ቤተ መንግሥቶቹን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል። ነገር ግን እኔ የጎንደር ልጅ ሆኜ ሳለ ከአዲስ አበባ የመጡትን አጎቴን ሳስጎበኝ ያፈርሁበት ነገር በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ ትንሽ ላስረዝም።

አንደኛ፣ ውል ሲያደርጉ «የነገሥታት መቃብር» የምትለው ሐረግ ብቻዋን ስለማትበቃ የማን መቃብርና በየትኛው ቦታ እንደሆነ በጽሑፍ ያስሰፍሩ። ስሙን የማልጠራው አንድ የጉዞ ወኪል በሰጠኝ ዝርዝር ላይ ይህችኑ ሐረግ አይቼ፣ የሚወስዱን የነገሥታት አጽም ወዳለበት ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው ብዬ ሙሉውን ሒሳብ አስቀድሜ ከፈልሁ። ጠዋት ፋሲል ግቢ ስንገባ አስጎብኚው ወጣት ደኅና ጀመረ፤ የአፄ ፋሲልን ትልቁን ግንብ፣ የልጃቸውን የአፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ፣ የአፄ ዳዊትን የዘፈን ቤት፣ የበካፋንና የምንትዋብን ግንቦች በተራ አሳየን። አጎቴ የኢያሱ ግንብ ለምን እንዲህ እንደፈራረሰ ሲጠይቁት ግን መልስ አጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣልያንን ለማስወጣት ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ያደረሰውን ጉዳት ለአስጎብኚው የነገሩት አጎቴ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረድን። ወጣቱ ከመዋኛው አጠገብ ያለችውን ባለ ጉልላት ትንሽ ሕንፃ እያመለከተ «የነገሥታቱ መቃብር ይህ ነው» አለን። አጎቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ይህ እኮ የፈረስ መቃብር ነው የሚባለው» አሉት። እውነት ነበራቸው፤ በአገሬው አፈ ታሪክ ያች ቤት ዞብል የተባለ ፈረስ መታሰቢያ ናት። አፄ ፋሲል ያረፉት ጣና ሐይቅ ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከእነ ይኩኖ አምላክና ከእነ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ነውና፣ መቃብራቸውን ጎንደር ከተማ ውስጥ አሳይዎታለሁ የሚል ሰው ቢገጥምዎ አይመኑት። ዳጋ በጀልባ የሚኬድበት ደሴት ስለሆነ በዚህ የአንድ ቀን ጉብኝት ውስጥ አይገባም፤ ሴት ስለማይገባበትም እናትዎ አብረው ከሆኑ ከወዲሁ ይወቁት።

ጎንደር ላይ የነገሥታት አጽም በዓይን የሚታየው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ ባሠሩት በዚህ ግቢ፣ የእርሳቸው፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና እ.ኤ.አ. በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የተገደሉት የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢዮአስ አጽም መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ በአንድነት አርፏል።

ሁለተኛው ምክሬ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ እርሱም ከዚሁ ታሪክ አይለይም። ቀኑ የዐቢይ ጾም ረቡዕ ነበር። እኔ በስንት ልመና አሽከርካሪውን አሳምኜ ቁስቋም ስንደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው እስከ 9 ሰዓት እንደሚዘልቅ እያወቅሁ እንዴት እንደዘነጋሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የመቃብሩን ቤት ቁልፍ የያዙት አባት ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ አሽከርካሪው ደግሞ «ውሌ እስከ 9 ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ገንዘቤን ለማስመለስ ወደ ወኪሉ ቢሮ ብሄድ፣ ያስተናገደችኝ ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «መቃብር አይታችኋል፤ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም» አለችኝ። በሕግ ዓይን ሳየው እውነቷን ነው፤ ያናደደኝም እርሱ ነው።

በማግሥቱ በራሴ ሥርዓት ተነሣሁ። በጾም የሥራ ቀን ከመጡ እንደዚህ ያድርጉ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቁስቋም ይውጡ፤ ቀጥለው እኩለ ቀን ሳይደርስ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ይሳለሙ፤ ቅዳሴ የማያግዳቸውን ፋሲል ግቢንና ጥምቀተ ባሕሩን ከሰዓት በኋላ ያድርጓቸው። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ይህን ከተማው ውስጥ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆኖም የጉዞ ዝርዝር የሚያወጡት ሰዎች ግንቡን ምንጊዜም ጠዋት ላይ ያስቀምጡታል።

እኔና አጎቴ በባጃጅ ወጣን። የቁስቋሙ አባት በሩን ከፍተው የሣጥኑን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉት አጎቴ ተንበርክከው ብዙ ቆዩ፤ ሲነሡም «አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ሣጥን» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ሥላሴ ስንደርስ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንገታቸው እስኪደክም ሲያዩ፣ ድርቡሽ እ.ኤ.አ. በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን ንብ አዳናት የሚለውን የአባቶች ትረካ እኔ ነገርኋቸው፤ በሁለቱ ቀናት ውስጥ እርሳቸው የማያውቁትን ነገር የተናገርሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለአባትዎ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉላቸው፤ የካሜራዎንም ብልጭታ አስቀድመው ያጥፉት። በእኛ ጊዜ የፋሲል ግቢው ትኬት ለጥምቀተ ባሕሩም ያገለግል ስለነበር፣ ትኬቱን አይጣሉት። ለባጃጁ የግማሽ ቀን የከፈልሁት ለወኪሉ ከከፈልሁት አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም።