ግማሽ ቻይንኛ ይዘሽ አትመለሺ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአዳማ ልጅ ነሽ። በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ሄደሽ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ላይ ነሽ፤ ቀጥሎ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ በቻይንኛ ይጠብቅሻል። ክፍላችሁ ውስጥ ከአሥራ አንድ አገር የመጡ ልጆች አሉ፣ አንቺ ግን የሁሉም መጨረሻ እንደሆንሽ ይሰማሻል። አባትሽ ደግሞ «ዓመቱ ሲያልቅ ነይ፣ አስተርጓሚ ሆነሽ ቤቱን ደግፊ» ይላሉ። ብርዱም ከብዶሻል።

ከአባትሽ ሐሳብ ልጀምር፤ የእኔንም ቁስል ነክቶታል። እኔ ቻይንኛ የለመድኩት በጆሮዬ ነው፣ ከአዳማ ወጣ ብሎ በነበረ የግንባታ ሳይት። ሦስት ዓመት አስተረጎምኩ። ፎርማኑ ሲቆጣም ሲቀልድም ይገባኝ ነበር። ወረቀት ሲመጣ ግን አንዲት መስመር ማንበብ አልችልም። ግንባታው ሲያልቅ ሥራዬም አብሮ አለቀ። የእኔን ግማሽ እንኳ የማይናገረውን ሰርቬየር ግን ለቀጣዩ ፕሮጀክት ይዘውት ሄዱ። ሙያ ነበረው። እኔ በሠላሳ ዓመቴ ኮሌጅ ገብቼ እንደገና ጀመርኩ።

አባትሽ እስቲ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ይመልከቱ። «አዳማ አንድ» የሚባለው የነፋስ ኃይል ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ «አዳማ ሁለት» ደግሞ 153 ሜጋዋት ነው። ሁለቱንም የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ተከላ ሲያልቅ የተከላው አስተርጓሚ ይሰናበታል። ተርባይኑ ግን ዛሬም ይዞራል፣ ይበላሻል፣ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። ማኑዋሉን በቻይንኛ አንብባ የምትጠግን ኢንጂነር መሆን እየቻልሽ ለምን ለአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ ትመለሻለሽ? ከ2,500 ዩዋን የወር አበልሽ ቀንሰሽ ላኪ መባልሽም ልክ አይደለም። እሱ የምግብሽና የመጽሐፍሽ ነው። ቤት ውስጥ ችግር እንዳለ ይገባኛል፤ ግን እህሉን በቡቃያው ማጨድ ነው።

ወደ ክፍልሽ ልምጣ። ራስሽን ከጃፓኗና ከቬትናሙ ልጅ ጋር ነው የምታወዳድሪው። ጃፓኗ የቻይናን ፊደል ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትጽፍ ነው ያደገችው። የቬትናሙ ልጅ አፉን የፈታበት ቋንቋ ራሱ ስድስት ቶን፣ ማለትም የቃሉን ትርጉም የሚለውጥ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ አለው። አንቺ ከዜሮ ነው የተነሳሽው።

ቶኑ አልለይልሽ ብሏል። «ማይ» ዝቅ ብሎ ቀና ሲል መግዛት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሸጥ። መምህርሽ ደጋግማልሽም ተምታታብሽ። አሁን ጮክ ብለሽ «ገና አልመጣም»፣ ከዚያ «ለገና እመጣለሁ» በይ። ፊደሉ አንድ ነው፤ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ይህን ሳታስቢው ትለያለሽ። ለመምህርሽ ብትይላት እሷም መጀመሪያ ላይ ትቸገራለች። ጆሮሽ ምንም አልጎደለውም፣ ጊዜ ስጪው።

ፊደሉን ግን አደራ! እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕር፣ ሾርባ የሚሉትን ጎን ለጎን ጻፊያቸው። በሁሉም ግራ ጎን ሦስት የውሃ ጠብታ ታያለሽ። እንዲህ በዘመድ በዘመዳቸው ያዣቸው፣ በስልክ ሳይሆን በእጅሽ እየጻፍሽ። ለቻይንኛ ችሎታ ፈተናው፣ ለኤችኤስኬ ደረጃ 4፣ ከምትዘጋጂበት 1,200 ቃል 300ውን ይዣለሁ ብለሻል። ስድስት ወር አለሽ። የቀረው በቀን አምስት ቃል ነው።

ደግሞ የቬትናሙ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም ብለሽ እንደ ቅሬታ ጽፈሻል። እሱ እኮ ሀብትሽ ነው! በእረፍት ሰዓት ሌላው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲሸሽ አንቺ ከእሱ ጋር ምሳ ብዪ። ከቻይንኛ ሌላ መግባቢያ የላችሁም። እሱም ተማሪ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ብትሳሳቺም አታፍሪም።

ለብርዱ ካፖርት እዚያው ግዢ፤ ከዚህ የሚላክልሽ አይመክተውም።

ይህን ለአባትሽ በስልክ አንብቢላቸው። ካልተዋጠላቸው ንገሪኝ። እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፤ ከፈቀዱልኝ ቤት ድረስ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።